ጥቁር ጀበና በነጭ ነጠላ ላይ፦ በዲጂታል ሥዕል ብርሃንና ጥላን ደረጃ በደረጃ መሥራት

ዲጂታል ሥዕል የጀመሩ ልጆች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። መስመሩ ቆንጆ ነው። ቀለሙም አይከፋም። ግን ጀበናው ጠፍጣፋ ነው፣ መሬትም የነካ አይመስልም። ሲኒው ደግሞ ውስጡ አምፖል እንዳለ ሁሉ ያበራል። ጥላ አንሶት አይደለም። ሰዓሊው በለስላሳ ብራሽ ጥቁር እየረጨ የሁሉንም ዕቃ ዳር ዳር አጥቁሯል። የተሳሳተው የጥላው ቁጥር፣ ማለትም የጨለማው ልክ ነው።

ይህን ሞክሩ። ነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር ጀበና አስቀምጡና በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱ። ከጀበናው አጠገብ ጥላ ያረፈበትን የነጠላ እጥፋት ተመልከቱ። ቀለሙ ምንድን ነው ብትባሉ ሳታስቡ “ነጭ” ትላላችሁ። አሁን በቀለም መልቀሚያው ንኩት። 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ በሆነበት መለኪያ 45 ወይም 50 አካባቢ ያለ ግራጫ ይወጣል። ቀጥሎ የጀበናውን ሆድ ብርሃን ያረፈበት ጋ ንኩት። እሱ 30 ገደማ ነው።

ልብ በሉ። ጥላ ውስጥ ያለው ነጠላ፣ ብርሃን ላይ ካለው ጀበና ይደምቃል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የፈለጋችሁትን ያህል ብትለፉ ሥዕሉ አይቆምም።

ቫልዩ የምንለው ይህንኑ ነው፦ አንድ ቦታ ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው መሰላል ላይ የቱ ጋ ይቀመጣል? እዚህ 0 ድፍን ጥቁር፣ 100 ድፍን ነጭ ነው። ቁጥሩን በቀለም መምረጫው ላይ ብራይትነስ ወይም ቫልዩ የሚለው ተንሸራታች ያሳያችኋል። እኔ የምሠራው በክሪታ ነው፣ ነጻ ስለሆነ። በስልክ ኢቢስ ፔይንት፣ በአይፓድ ፕሮክሪዬት፣ በኮምፒውተር ፎቶሾፕ ለምትጠቀሙም ደረጃዎቹ ያው ናቸው።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑን አስተካክሉ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። በኋላ “በስልኬ ሳየው ጨለመብኝ” የሚለውም እሱ ነው።

1. ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀውን ሁነታ አጥፉ። ብርሃኑን በራሱ የሚቀያይረውን ማስተካከያም አጥፉ።
2. ብርሃኑን መካከለኛ ላይ አድርጉ። በተራ ቁጥር 5 ካስተካከላችሁት በኋላ ሥዕሉ እስኪያልቅ አትንኩት።
3. አዲስ ፋይል ክፈቱ። 3000 በ 2400 ፒክስል ይበቃል። ማሽናችሁ ወይም ስልካችሁ ከከበደው 2000 በ 1600 አድርጉት።
4. ከ0 እስከ 100 በ10 በ10 የሚጨምሩ 11 ግራጫ ሳጥኖች ጎን ለጎን ሳሉ።
5. 0 እና 10ን መለየት ካቃታችሁ የስክሪኑን ብርሃን ጨምሩ። 90 እና 100 ከተደባለቁባችሁ ቀንሱ።

ሳጥኖቹን አታጥፏቸው። ጥግ ላይ ይቀመጡ፣ መለኪያችሁ ናቸው።

ከዚያ ሳጥኖቹን ትታችሁ የቀረውን ሸራ በሙሉ 50 ግራጫ ሙሉት። ነጭ ሸራ ላይ አትጀምሩ። ነጭ ሸራ ላይ 60 የሆነው ግራጫ ጥቁር ይመስላችኋል፣ ስለዚህ ሳታውቁት ሁሉንም እያነጣችሁ ትሄዳላችሁ።

ፋይሉን አሁኑኑ ሴቭ አድርጉ። ክሪታ ውስጥ በየስንት ደቂቃው በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ መወሰን ይቻላል፣ 5 ደቂቃ አድርጉት። የአራት ሰዓት ሥራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ሄዶብኝ ያውቃል። ያን ቀን ደግሞ አልጀመርኩትም።

ደረጃ 2፦ ዕቃውንና ብርሃኑን አዘጋጁ

ከአእምሯችሁ አትሳሉ። ገና ነው። ጀበና፣ ማቶት፣ አንድ ነጭ ሲኒና ጥለት ያለው ነጠላ ያዙ። እነዚህን የመረጥኩት ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን መሰላል በሙሉ ስለሚሸፍኑ ነው።

1. ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቁት። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ።
2. የክፍሉን አምፖል አጥፉ። ሁለት ብርሃን ካለ ሁለት ጥላ ይኖራል፤ ለጀማሪ ደግሞ አንዱም ይበቃል።
3. ጸሐይ በቀጥታ የማትገባበትን ሰዓት ምረጡ።
4. ፎቶ ስታነሱ ስክሪኑ ላይ ነጠላውን ነክታችሁ ብርሃኑን ቆልፉ። ጀበናውን ከነካችሁ ነጠላው ድፍን ነጭ ይሆንና እጥፋቱ ይጠፋል።
5. ፍላሽ አትጠቀሙ።

የስልክ ካሜራ ጥላውን ከዓይን ይልቅ አጨልሞ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን ለቅርጽ ተጠቀሙበት፤ ጥላው ውስጥ ያለውን ግን ዞር ብላችሁ ዕቃውን ራሱን እያያችሁ አረጋግጡ። ስታዩ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። ዝርዝሩ ይጠፋና ትላልቆቹ የብርሃንና የጥላ ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። እኛ የምንፈልገው እነሱን ነው።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ዕቃ በአንድ ቁጥር ሙሉ

መስመሩን በቀላሉ ሳሉና ጥላ የሚባል ነገር ሳትነኩ እያንዳንዱን ዕቃ ድፍን አድርጋችሁ ሙሉት። ቁጥሩ ዕቃው ብርሃን ላይ ሲሆን የሚኖረው ነው።

ጀበና፦ 30
ማቶት፦ 50
የእንጨት ጠረጴዛ፦ 55
ነጠላ፦ 88
ሲኒ፦ 90
ከኋላ ያለው ግድግዳ፦ 60

ጥለቱንም አሁኑኑ በግራጫ ሥሩት። ቀይ ከሆነ 35፣ አረንጓዴ ከሆነ 45፣ ቢጫ ከሆነ 80 ጀምሩ። “በኋላ በቀለም አመጣዋለሁ” ብላችሁ ከዘለላችሁት ደረጃ 7 ላይ ትቸገራላችሁ።

እያንዳንዱን ዕቃ በየራሱ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ግልጽ ገጽ) አድርጉ። ብራሹ ጠርዙ ደረቅ (የማይደበዝዝ)፣ ኦፓሲቲው (የቀለሙ ድፍንነት) 100 ይሁን። ለስላሳውን የአየር ብራሽ እስከ ደረጃ 5 አትክፈቱት። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ ብባል ይህንን እላለሁ።

ነጠላው ለምን 100 አልሆነም? ከሱ በላይ የሚያበራ ነገር ስለሚመጣ ነው። ሲኒው ላይ የምታርፈው የብርሃን ነጥብ ቦታ ትፈልጋለች። ነጩን ሁሉ አሁን ከጨረሳችሁት ለሷ የሚሰጥ አይኖርም።

ጀበናውም ለምን 0 አልሆነም? ጥቁር ሸክላ እንኳ ብርሃን ሲያርፍበት ድፍን ጥቁር አይደለም። 0 ካደረጋችሁት ጥላውን የምታስቀምጡበት ታጣላችሁ።

ደረጃ 4፦ ጥላውን በግማሽ

የሥራው እምብርት እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ጸሐይ በቀጥታ በማይገባበት የመስኮት ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ የገባ ነገር ቁጥሩ ብርሃን ላይ ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ነጠላው ከ88 ወደ 44። ጠረጴዛው ከ55 ወደ 27 ወይም 28። ጀበናው ከ30 ወደ 15። ጥላ ማለት ብርሃን መቀነስ ነው፤ የሚቀነሰውም ከሁሉም በእኩል ምጣኔ ነው። ጀማሪው ግን ጥቁር ይቀባል። ያኔ ነጠላው ላይም ጀበናው ላይም አንድ ዓይነት 10 ይወጣል፣ ነጠላው የተቀደደ ይመስላል።

ግማሹን በጭንቅላት ማስላት አያስፈልግም፣ ሶፍትዌሩ ያሰላላችኋል፦

1. ከዕቃዎቹ ሁሉ በላይ አዲስ ሌየር ክፈቱ።
2. የሌየሩን ሁነታ መልቲፕላይ አድርጉት።
3. 50 ግራጫ ምረጡ።
4. ደረቅ ብራሽ ያዙ፣ ኦፓሲቲ 100።
5. ጥላ ያለበትን ሁሉ በዚያ አንድ ግራጫ ብቻ ሙሉት፦ ብርሃን የማያየውን የጀበናውን ጎን፣ ነጠላው ላይ የወደቀውን ጥላ፣ የሲኒውን የኋላ ጎን፣ የእጥፋቶቹን ውስጥ።

መልቲፕላይ 88ን በ50 በመቶ ሲያባዛ 44 ይሰጣል። 30ን ሲያባዛ 15። አንድ ሌየር፣ አንድ ግራጫ፣ ሁሉም በየልኩ ጨለመ። ጥለቱም ሳታስቡበት ልኩን ይዞ ጥላው ውስጥ ይገባል።

50 ቋሚ አይደለም። ቀጥታ የጸሐይ ብርሃን ከሆነ ወደ 35 አውርዱት። ደመናማ ቀን ወይም ነጭ ግድግዳ ያለው ጠባብ ክፍል ከሆነ ወደ 65 አውጡት። አንዴ ከመረጣችሁ ግን ለሁሉም ዕቃ ያው ይሁን።

የብርሃንና የጥላ ወሰን የት ነው? ጀበናውን በሁለት ክፈሉት፦ መስኮቱን የሚያየው ጎንና የማያየው ጎን። በመካከል ያለው መስመር እንደ ሆዱ ክብ ነው፣ ይታጠፋል። ቀጥ አድርጋችሁ ካሰመራችሁት ጀበናው ክብነቱን ያጣና ሰሌዳ ይሆናል። አንገቱ ጋ ሲደርስ መስመሩ ይጠባል፣ እጀታው ላይ ደግሞ ለብቻው እንደገና ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቆማችሁ ሸራውን አሳንሱት፣ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል ድረስ። ምን እንደሆነ ይታወቃል? ከታወቀ ቀጥሉ። ካልታወቀ ወደፊት አትሂዱ። ጥላው የተንጠባጠበ ከሆነ አጥፉና በትልቅ ብራሽ በጥቂት ቅርጽ እንደገና ሙሉት። በኋላ የምትጨምሩት ለስላሳ ሽግግር ይህን አያድነውም።

ደረጃ 5፦ ጠርዞቹን ለዩ

አሁን ለስላሳው ብራሽ ይከፈት። ግን ሁሉም ቦታ አይገባም።

የራስ ጥላ፣ ማለትም ጀበናው ስለዞረ ብቻ የጨለመው ጎን፣ ጠርዙ ለስላሳ ነው። ዕቃው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ጥላውም ቀስ ብሎ ይገባል።

የወደቀ ጥላ፣ ማለትም ጀበናው ነጠላው ላይ የጣለው፣ ማቶቱ ሥር ደረቅ ነው። ከጀበናው እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል። የአንገቱ ጥላ ከሁሉም ሩቅ ስለሚወድቅ ከሁሉም የለሰለሰ ነው። ሥሩን ደረቅ ካላደረጋችሁት ጀበናው አየር ላይ ይንሳፈፋል። “መሬት አልነካም” የሚባለው ሥዕል ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህቺን አንድ ደረቅ ጠርዝ ነው።

ነጠላው እጥፋቱ ሹል ከሆነ ጠርዙ ደረቅ፣ ክብ ሆኖ ከታጠፈ ለስላሳ ነው። እዚህ ጊዜ ስጡ። ብዙ ሰው ጀበናው ላይ ሦስት ሰዓት ያጠፋና ነጠላውን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ተመልካች ጨርቅ መሆኑን የሚያምነው ግን በጠርዙ ነው።

በስህተት ሁሉንም ካለሰለሳችሁት አትደንግጡ። ለየት ያለ ማጥፊያ አያስፈልግም። ማጥፊያውን ደረቅ አድርጉና የወደቀውን ጥላ ዳር ከማቶቱ ሥር ጀምራችሁ ቁረጡት።

ደረጃ 6፦ በሁለቱ ቤተሰቦች ውስጥ ሥሩ

ከዚህ በኋላ ሥዕላችሁ ሁለት ቤተሰብ አለው፦ የብርሃን ቤተሰብና የጥላ ቤተሰብ። ለአንድ ዕቃ የብርሃኑ ጨለማ፣ ከጥላው ብሩህ በታች መውረድ የለበትም። ለጀበናው በቁጥር እንዲህ ነው፦

ብርሃን ላይ፦ ከ24 እስከ 34
ጥላ ውስጥ፦ ከ11 እስከ 19

በ19 እና በ24 መካከል ያለችውን ክፍተት ጠብቁ። እዚያ የሚገባው የሽግግሩ ጠርዝ ብቻ ነው።

ከጥላው ሌየር በላይ አዲስ ተራ ሌየር ክፈቱና በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. መካከለኛው ብርሃን። መስኮቱን ፊት ለፊት የሚያየው የሆዱ ቦታ 34፣ ወደ ጥላው ስትጠጉ 24። በክሪታ የኬ ቁልፍ ቀለሙን ያጨልማል፣ የኤል ቁልፍ ያደምቃል።

2. የጥላው እምብርት። ከወሰኑ ወደ ጥላው በኩል ትንሽ ገባ ብሎ 11 ወይም 12 የሆነ ቀጭን ዞን አለ። እሱን ስታስገቡ ክብነቱ ይወጣል።

3. ነጸብራቅ። ነጩ ነጠላ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ጀበናው ሆድ ሥር ይመልሳል። እዚያ 18 ወይም 19 አድርጉ። ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ነጸብራቁ ጥላ ውስጥ ስለሆነ በዙሪያው ካለው ጨለማ አንጻር በጣም ደማቅ ይመስላል፤ ስለዚህ 35 ያደርጉታል። ያኔ ጀበናው ብረት ይሆናል። ከተጠራጠራችሁ በቀለም መልቀሚያው ንኩትና ቁጥሩን እዩ። ዓይናችሁን እዚህ ላይ አትመኑት።

4. ጨለማው ስንጥቅ። ጀበናው ማቶቱን የሚነካበት፣ ማቶቱም ነጠላውን የሚነካበት ቀጭን መስመር፣ 4 ወይም 5። ክር ያህል ብቻ።

5. የብርሃን ነጥብ። መጨረሻ። ሲኒው አንጸባራቂ ስለሆነ ነጥቡ ትንሽና ደረቅ ነው፣ 100። ጀበናው ሸክላ ስለሆነ ነጥቡ ሰፋ ያለና ለስላሳ ነው፣ 60 ገደማ። የግማሹ ሕግም የቤተሰቡ ወሰንም ይህን ነጥብ አይመለከተውም፤ ምክንያቱም የመስኮቱ ምስል ነው። ጀበናው ላይ 100 ካስቀመጣችሁ ፕላስቲክ ይመስላል። አንዱን ነጥብ ከሠራችሁ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ።

ደረጃ 7፦ መርምሩ፣ ከዚያ ቀለም

ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ክፈቱ፣ ድፍን ነጭ ሙሉትና ሁነታውን ከለር አድርጉት። ከሥሩ ያለው ሁሉ ወደ ግራጫ ይለወጣል። ይህ መመርመሪያችሁ ነው። ቀለም ስትቀቡ በየአሥር ደቂቃው አብሩት፣ እዩ፣ አጥፉት።

ለምን አስፈለገ? የብራይትነስ ቁጥሩ የሚታመነው ለግራጫ ብቻ ስለሆነ ነው። ድፍን ቢጫና ድፍን ሰማያዊ ሁለቱም ተንሸራታቹ ላይ 100 ይላሉ። መመርመሪያውን ስታበሩ ግን ቢጫው ወደ ነጭ ይጠጋል፣ ሰማያዊው ጥቁር ሊሆን ምንም አይቀረው። ቀለም ሲገባ ሥዕሉ የሚበላሽባችሁ በዚህ ነው።

በክሪታ የኤም ቁልፍን ተጫኑና ሸራውን ገልብጣችሁ እዩት። የጀበናው አንገት ያጋደለ ከሆነ ያን ጊዜ ይታያችኋል።

አሁን ቀለሙ፦

1. ከመመርመሪያው ሥር ሌላ ሌየር ክፈቱና ሁነታውን ከለር አድርጉ።
2. ጀበናውን ቡናማ፣ ነጠላውን ቅቤ መሰል ቀለም በስሱ ቀቡ። ጥለቱን ቀለሙን ስጡት።
3. ለጥላው የተለየ ሙቀት ስጡ። ብርሃኑ ጸሐይ ያልገባበት መስኮት ከሆነ የሚመጣው ከሰማይ ነውና ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ጥላው በአንጻሩ ሞቅ ይበል። ቀጥታ ጸሐይ ከሆነ ገልብጡት፦ ብርሃኑ ሞቃት፣ ጥላው ቀዝቃዛ።
4. በከለር ሁነታ የተቀባው ሥዕል ትንሽ የደበዘዘ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ተራ ሌየር ክፈቱና ከራሱ ከሥዕሉ ቀለም እየለቀማችሁ፣ ትንሽ እያደመቃችሁ ላዩ ላይ ቀቡ። መመርመሪያውን አትርሱ።

ቢጫው ጥለት ጭቃ ከመሰለ ሥሩ ያለው ግራጫ ጨልሟል ማለት ነው። በቢጫው አትታገሉ። ወደ ደረጃ 3 ሌየር ተመለሱና ግራጫውን ወደ 85 አውጡት።

ሰው ስትሥሉ

ያው መንገድ ለፊትም ይሠራል፤ መነሻ ቁጥሩ ብቻ ይለወጣል። ለጥቁር ቆዳ ብርሃን ላይ 30፣ ለጠይም 42፣ ለቀይ ዳማ 52 አካባቢ ጀምሩና ጥላውን በግማሽ አውርዱ። የኛን ሰው ፊት ስትሥሉ ከኢንተርኔት የተቀዳ የነጭ ቆዳ ቁጥር ወስዳችሁ በኋላ ቡናማ አትደርቡበት። ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል።

በጠቆረ ቆዳ ላይ የብርሃን ነጥቡ ጎልቶ ይታያል፤ በግንባር፣ በጉንጭ አጥንትና በአፍንጫ ጫፍ። ስለዚህ የፊቱን ቅርጽ የሚያወጣው ከጥላው እኩል እሱ ነው። ነጥቡን 65 አድርጉ፣ መስኮት ላይ ከሆነ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ይሳብ።

የዓይኑን ነጭ ደግሞ በፍጹም 100 አታድርጉት። ዓይን ክብ ነው፣ ከሽፋሽፍትና ከቅንድብ ጥላ ሥርም ተቀምጧል። ለጠይም ፊት 60 ላይ ጀምሩና የላይኛው ሽፋሽፍት ሥር 35 አድርጉት። 100 የምትሆነው ብሌኑ ላይ የምታርፈው የመስኮቱ ነጥብ ብቻ ናት።